ገንዘብ ተቀባይዋ ዞምቢ

ሴትዮዋን በዓይኔ ሳላያት ነው የጠላኋት። ባሌ አስተናጋጅ ሆኖ በሚሠራበት ምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ ካርቱን እስላለሁ፤ ሞተው የተነሡ ዞምቢዎች ስለከፈቱት ምግብ ቤት የሚያወራ ተከታታይ ቀልድ። ሥዕሉ የኔ፣ ቀልዱ የባሌ ነው ብለን በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ እንለጥፈዋለን።

የባሌ ነው! እሱ ደግሞ መቼ ቀልድ ያውቅና? ሰርጋችን ላይ እንኳ አንድ ቀልድ ጀምሮ መጨረሻው ጠፍቶበት ነው የተቀመጠው። አሁን ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ እሷ ዛሬ ምን አለች መሰለሽ ይላል። በየፊልሙ ጥይት የማይነካው ጀግና ዞምቢዎቹ ቤት ራት ሊበላ ሲመጣ፣ ዘበኛው ሳይሞቱ መግባት ክልክል ነው ብሎ የመለሰበት ቀልድ የእሷ ነው። ቡድኔ ዋንጫ ሳያነሳ አልሞትም ብሎ ምሎ፣ ሞቶም ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀው ደጋፊም የእሷ ነው። እሱ እያወራ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔ እርሳሴን እቀርጻለሁ። እኔ ያሳቅሁት መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም። ቅናት ነው፣ አልክድም፤ እርር ድብን እላለሁ።

በመጨረሻ እሷንም ዞምቢ አድርጌ ሣልኳት። አንድ ዓይኗን አወጣሁት፣ ጥርሷን አረገፍኩት፣ ጆሮዋን የሒሳብ መሳቢያው ውስጥ ጣልኩት። እፎይ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አንባቢው ሁሉ እሷን ካላየን ሞተን እንገኛለን አለ። ባሌማ ሥዕሉን አሳትሞ መክፈያው ጋ ለጥፎላታል። ይኼን ስሰማ ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ልብሴን ቀያይሬ ሄድኩ። ቆንጆ ከሆነች ቁርጤን ልወቅ ብዬ ነው። ቆንጆ አይደለችም። ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ በዕድሜም የምትበልጠኝ ሴት ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ። ሻይ ጠጥቼ ልከፍል ስቆም፣ ማን መሆኔን ሳታውቅ ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«የኔ እናት፣ ከተከታታይ ድራማ አምልጠሽ የመጣሽ ነው የምትመስይው» አለችኝ። «ባልሽ ሞቶ ነው ወይስ ሞቶ ተመልሶ?»

ልስቅላት አልፈለግኩም፤ ከንፈሬን ነከስኩ። አልሆነም፣ ፍርስ አልኩ። መክፈያውን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሳቁን ሰምቶ ባሌ ሳህን እንደያዘ ከኩሽና ሮጦ ወጣ። ገና በሩ ላይ ሳለ ፊቱ በርቷል።

«ደግሞ ምን አልሽ?» አላት።

የምስቀው እኔ መሆኔን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።