ሦስት ሽማግሌ በቴሌቪዥን

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ወር መጻፍ እንደምችል ታወቀኝ። ከዚያ በፊትም እጽፍ ነበር፤ የማይጽፍ ተማሪ የለም። ግን የአማርኛ መምህራችን ስለ ዝናብ የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ ካነበቡት በኋላ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። የማየው ሁሉ ዐረፍተ ነገር ሆነብኝ። ከቤት ወጥቼ ራስ መኮንን ድልድይን እስክሻገር ሦስት፣ ዳገቱን ጨርሼ ፒያሳ እስክደርስ ደግሞ አምስት እሠራለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ ግማሹ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ያናድደኛል። እናቴ ይቺን ልጅ ምን ነከሳት ትል ነበር።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የምጽፈው ነገር የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ረቂቁ ሕገ መንግሥት በየቀበሌው ለውይይት በቀረበበት ሰሞን ነው። ረቂቁ በስብሰባ ይነበባል፣ በሬዲዮ ይነበባል፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይነበባል። አንድ ሰኞ መምህራችን በማግስቱ ምሽት በቴሌቪዥን ክርክር እንዳለ ነገሩን። ርእሱ ሥራ መብት ነው ወይስ ግዴታ የሚል ነበር። ክርክሩን አይተን አስተያየት እንድንጽፍ፣ ጽሑፋችንን ሐሙስ እንድንሰጣቸው፣ እሳቸው አንብበው የመረጡት በሚቀጥለው ሰኞ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ እንደሚወጣ አሉን። የግድግዳ ጋዜጣ የምንለው ከሰንደቁ አጠገብ የቆመ የጣውላ ሰሌዳ ነው፤ ከላይ በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፎበታል፣ ከሥር የተማሪ ጽሑፍ በስፒል ይሰካበታል። እዚያ ላይ የእኔ ጽሑፍ ካልወጣ መኖር ምን ዋጋ አለው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ከግቢያችን አምስት ቤቶች ቴሌቪዥን የነበረው እቴቴ ቤት ብቻ ነው። እቴቴ የምንላቸው የወሎ ሰው ናቸው፣ አፋቸው እንደ መቀስ የሚቆርጥ፣ ልባቸው ደግሞ የግቢው ልጅ ሁሉ መጠጊያ። ባላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። በዚያን ጊዜ የቀበሌውን የሰልፍ ካኪ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ፣ ቤቱ የሚተዳደረውም በዚያ ነበር። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይውላል፤ ጨርቁን የማንሳት ሥልጣን ያላቸው እቴቴ ብቻ ናቸው። ምሽት ላይ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገብተን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን።

ያን ማክሰኞ አባቴም አብሮኝ መጣ። አባቴ የሌላ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። የምንጸልይበት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ብዙ አይናገርም፤ ግን የእኔን መቁነጥነጥ አይቶ ብቻዬን ሊተወኝ አልፈለገም መሰለኝ።

እኔ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ሰዓት ያዥ ነበርኩ፣ ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁለት ወገን ይቀርባል፣ አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ ይቃወማል። ለማስረጃ አሥር ነጥብ፣ ለአቀራረብ አሥር፣ የሌላውን ሐሳብ ለማፍረስ አሥር። ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው ማን እንዳለውና የት እንዳለው ካልተናገረ ነጥብ ይቀነስበታል። አንደኛው ወገን ከቀረ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አስምሬ ቁጭ አልኩ።

ሦስት ሰዎች ቀረቡ፣ ሦስቱም ካኪ የለበሱ። የመጀመሪያው ሥራ መብት ነው፣ ግዴታም ነው፣ ክብርም ነው አለ። ሁለተኛው ጓድ ባሉት ላይ ለመጨመር ያህል ብሎ መብት ነው፣ ግዴታም ነው አለ። ሦስተኛው ሁለቱ ጓዶች በሚገባ እንዳብራሩት ብሎ ጀመረ። እኔ ለማስረጃና ለአቀራረብ እየሞላሁ የመጨረሻውን ሣጥን ባዶ ተውኩት፤ የሚፈርስ ሐሳብ አልመጣማ። ተቃዋሚው ምናልባት ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው፣ ካሜራው እስኪዞር ነው እያልኩ ተንጠራራሁ። ካሜራው ዞሮ የአበባ ማስቀመጫ አሳየን። አባቴን የሚቃወመው የትኛው ነው ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኩት፤ ዝም ብለሽ ተመልከቺ አለኝ።

ልብስ ሰፊው ክርክሩን ሳይሆን ልብሱን ነበር የሚመለከቱት። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ የሦስተኛው ሰው ኮሌታ ከውስጥ ማጠንከሪያ እንዳልገባለት፣ ሲቀመጥ የሚታጠፈውም ለዚህ እንደሆነ ለአባቴ አስረዱት። እቴቴ ሽምብራ እየቆረጠሙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የእቴቴ ዝምታ ደስ አይልም፣ የሆነ ነገር ይመጣል። ሦስተኛው ሰው እንደገና ጓዶች እንዳሉት ሲል እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ።

«ይኼ ምኑ ክርክር ነው፣ ሽምግልና ነው እንጂ። ሦስቱም ከወንዱ ወገን የተላኩ ናቸው። ልጄን አልሰጥም የሚል አባት የታለ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊው እንኳ ሜትራቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። አባቴ በአፍንጫው ሳቀ፣ ከዚያ አሳለው፣ ከዚያ ተነስቶ ነገ በጠዋት ሥራ አለብኝ አለ። እኔ ሳቄን ሳልጨርስ ጽፌው ነበር።

ያን ያህል ተደስቼ የጻፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ረቡዕን ሙሉ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ለመጀመሪያው ሰው ለማስረጃ ስድስት፣ ለአቀራረብ ሰባት ሰጠሁት። ለሁለተኛው የተጠናከረ ድምፅ እንዳለው መሰከርኩ። ለሦስተኛው የኮሌታውን ነገር ልጨምር ብዬ ጨዋነት ያዘኝና ተውኩት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ በክበባችን ደንብ ተቃዋሚው ወገን ሲቀር አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፣ እኔ አንድ ሰዓት ጠብቄ አልመጣም፣ ስለዚህ አሸናፊውን መለየት አልቻልኩም። መጨረሻው ላይ የእቴቴን የሽምግልና ነገር አስገባሁ። ማስረጃ ነውና ምንጩ መጠቀስ አለበት፤ «ይህን ያሉት የቀበሌያችንን ካኪ የሚሰፉት ልብስ ሰፊ ባለቤት ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ለራሴ ከሠላሳ ሠላሳ ሰጠሁ።

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤት የደረስኩት ዘበኛው በሩን ሲከፍት ነው። ወረቀቱን ለመምህራችን መስጠት ነበረብኝ። እስከ ሰኞ መጠበቅ ግን ልቤ አልቻለም። ሰሌዳው ባዶ ነበር፣ ስፒሉም እዚያው ተሰክቶ ነበር። ራሴ ለጠፍኩት።

በመጀመሪያው እረፍት ሰሌዳው ፊት ቦታ ጠፋ። ከኋላ ያሉት የፊቶቹን አንብቡልን ይላሉ፣ የፊቶቹ አባት የታለ የሚለው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ፣ ከኋላ ያሉትም ሳይሰሙ ይስቃሉ። አንዱ ልጅ ስልኪቱ አንደኛ ፎጋሪ ነሽ አለኝ፤ ስልኪ የሚለኝ ቀጭን ስለሆንኩ ነው። ከሰው ጀርባ ቆሜ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። መምህራችን በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አነበቡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። እጃቸውን ወደ ስፒሉ ሲዘረጉ ግን ከጎናቸው ሌላ ሰው ቆሞ ነበር፤ የወጣት ማኅበሩ ኃላፊ፣ ከቀበሌ እየመጣ በትምህርት ቤታችን ስብሰባ የሚመራው ወጣት። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ አንዲት መስመር ብቻ ገለበጠ። የትኛዋን እንደሆነ ከዓይኑ አቅጣጫ አወቅኩት። ወረቀቱን ራሱ ነቅሎ አጠፈውና ነገ በስብሰባው ግለ ሂስ ታቀርቢያለሽ፣ ሴትየዋም ማን እንደሆነች ትነግሪናለሽ አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ስማቸውን አልጻፍኩም ብዬ ነበር የምኩራራው። በቀበሌያችን የሰልፍ ካኪ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ስንት ናቸው? አንድ ናቸው። ሥራውን የሚሰጣቸው ማን ነው? ቀበሌው።

ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ወደ ቤት መውረድ አቃተኝ። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድኩ፣ ታክሲዎቹን ቆሜ አየሁ፣ ተመልሼ ፒያሳ ወጣሁ። የወርቅ ቤቶቹን መስኮት አንድ በአንድ አየሁ፣ አንዱንም አላየሁም። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሼ ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝና ዞርኩ። እግሬ ይሄዳል፣ ጭንቅላቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ዐረፍተ ነገር አልሠራልኝም። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለምሰማው ድምፅ መሆኑንም ረስቼው ነበር።

ለእቴቴ ቆሜ ነገርኳቸው። ከመሐል ሳላስቀር፣ ራሴ መለጠፌንም ጭምር። መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊው ከፊታቸው የተቆለለውን ካኪ ተመለከቱ። እቴቴ ተነስተው ከፍተውት የነበረውን ቴሌቪዥን አጠፉና ጨርቁን አለበሱት።

«አብሽሪ» አሉኝ፣ «ሂጂ እናትሽ ትፈልግሻለች።»

ሰድበውኝ ቢሆን ይሻል ነበር።

አባቴ የነገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አባቴ አይዋሽም፤ ውሸት ቢችል ኖሮ ብዙ ነገር በቀለለለት። ለዚያ ነው ነገ ምን ልበል ብዬ መጠየቅ የፈራሁት። እሱ ግን ሳልጠይቀው መለሰልኝ።

«ዋሺ አልልሽም። የሰው ቃል ግን የሰው ነው፤ አንቺ ሳታስፈቅጂ ወሰድሽው።»

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ግለ ሂስ ብዬ ጀምሬ አራት ገጽ ሞላሁ። እያለቀስኩ ነበር የጀመርኩት፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጻፉ ደስ እያለኝ ነበር።

ዓርብ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መምህራችን ከጎን ተቀምጠዋል። አነበብኩ። ችኩል ነኝ አልኩ፣ ሰው እንዲስቅልኝ ስል እውነትና ፈጠራን እቀላቅላለሁ አልኩ። ኃላፊው ማስታወሻውን ገልጦ ያቺ የልብስ ሰፊ ባለቤት የት ነው የምትኖረው አለኝ።

«የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት» አልኩ። «ማስረጃ የሌለው ተከራካሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ማስረጃ ስላልነበረኝ ፈጠርኩ።»

አንቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ሽምግልና ምን ታውቂያለሽ አለኝ ኃላፊው። የአክስቴ ልጅ ስትታጭ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ከበር ኋላ ሆኜ እንደሰማሁ፣ የአክስቴ ባል መጀመሪያ እንመክርበታለን ብለው እንደመለሷቸው ነገርኩት። ይኼ እውነት ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና ዝም አለ። መምህራችን እጃቸውን አወጡ። መፍጠርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ሂሱ ለእኔም ይሁን አሉ። ኃላፊው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አይቶ ማስታወሻውን ዘጋ።

ቅጣቴ ሁለት ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ አልጽፍም። ሰኞ ደግሞ በሰንደቁ ሥር ቆሜ የተስተካከለውን ውጤት አነባለሁ። አነበብኩም፦ ለመጀመሪያው ጓድ ከሠላሳ ሠላሳ፣ ለሁለተኛው ከሠላሳ ሠላሳ፣ ለሦስተኛው ከሠላሳ ሠላሳ። ማንም አልሳቀም። ወረቀቱ ላይ አንድም የእኔ ቃል አልነበረም፤ እንደዚያን ቀን ድምፄ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው በር ላይ ሳልገባ እቆም ነበር። የስፌት መኪናውን እስክሰማ። አንድ ቀን ጸጥ ብሎ አገኘሁትና ሮጬ እናቴን ጠየቅኳት፤ ልብስ ሰፊው ክር ሊገዙ ወጥተው ኖሯል። ከቀበሌ ማንም አልመጣም። የሰልፉ ካኪ ተሰፍቶ አለቀ፣ ሌላም መጣ።

እቴቴ ቤት የቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለሁለት ሳምንት አልተነሳም። ሲነሳም እኔ አልሄድኩም። አልተጠራሁም፣ ያለ ጥሪ መግባትም አሳፈረኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት እቴቴ ከበራቸው ላይ ሆነው የጸሐፊዋ ቦታ ባዶ ነው አሉ፤ ለማን እንዳሉ ግቢው ሁሉ አወቀ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። በቴሌቪዥኑ ሌላ ሰው ካኪ ለብሶ ይናገራል። ድሮ በሚንጫጫው ቤት ሽምብራ ሲቆረጠም ብቻ ነው የሚሰማው። ይህንንም ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እቴቴ ጎንበስ አሉና በጆሮዬ አንድ ነገር ሹክ አሉኝ። ስለ ሰውየው ነው። ከሽምግልናው ይበልጣል። ሳቄን በሁለት እጄ አፈንኩት፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ይኼንን እንዳትጽፊው» አሉ።

ዛሬ ያ ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ልብስ ሰፊውም ለቀበሌ መስፋት ትተው የሙሽራ ልብስ ይሰፋሉ። ይህን ልጻፍ ወይ ብዬ እቴቴን ስጠይቃቸው የሽምግልናውን ፈቀዱልኝ። የሹክሹክታውን ግን አልጠየቅኳቸውም። አሁንም ጣቴን ይበላኛል፣ ዐረፍተ ነገሩ እንደተሠራ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶዬን አንስቼ፣ መልሼ አስቀምጬዋለሁ።