በውሃ የተዘፈዘፈው ፉርሽካ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ወጥቶ የግቢያችን ጭቃ ገና ያልደረቀበት ሰሞን ይመስለኛል። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን አንዲት ላም አለችን፤ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በእሷ ወተት ነው። ፉርሽካዋን እንደ ሰፈሩ ላም አርቢ ሁሉ ማታ በውሃ ዘፍዝፌ ጠዋት እሰጣታለሁ። ፉርሽካውን የሚሸጥልኝ የሰፈሩ መኖ ነጋዴም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ያን ዕለት ጠዋት ላሟ፣ ከእሱ ገዝቼ ማታ የዘፈዘፍኩትን አዲስ ፉርሽካ ከነውሃው ጥርግ አድርጋ ጠጣች። ብዙም ሳትቆይ ተንቀጠቀጠች፣ አፏ አረፋ ደፈቀ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ወደቀች። አምስት ኪሎ ለምትሠራ የከብት ሐኪም ደውዬ የሆነችውን ነገርኳት። እስክትደርስ ድረስ አቼቶ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን በቀስታ እንድናጠጣት አዘዘችን። ባለቤቴ አንገቷን አቅፋ፣ እኔ በጠርሙስ አጠጣናት።

ሐኪሟ ደርሳ የተረፈውን ፉርሽካ አሸተተችና ዩሪያ፣ ያ የእርሻ ማዳበሪያ፣ እንዳለበት ነገረችኝ። በላም ሆድ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ አለች፤ ዩሪያ ጥቂት በጥቂቱ፣ ከእህል ጋር ከደረሳቸው ወደ ፕሮቲን ይለውጡታል። በውሃ ሟሙቶ ባንዴ ሲገባ ግን ከእሱ የሚወጣው አሞኒያ ያይልባቸውና ደም ውስጥ ገብቶ ይመርዛል፤ አቼቶውን ያዘዘችውም ይህን አሞኒያ ስለሚያበርድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ላሟ ተነስታ ቆመች። ያኔ ነው ንዴቱ የመጣብኝ። እኔ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ነጋዴው ዘንድ ስደርስም ቃል አልወጣኝም። ሐኪሟ አብራኝ መጥታ ነበር፤ ዩሪያ ለምን እንደጨመረበት የጠየቀችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ወተት እንዲጨምር ብዬ ነው እኮ» አለ እየሳቀ። «የእርስዎ ላም ከተሜ ሆና ሆዷ ተሞላቀቀ። ደግሞስ መች ጠየቁኝ?»

«ምን ብለው ይጠይቁህ?» አለችው ሐኪሟ። «ፉርሽካ ብለህ ስትሸጥላቸው ማዳበሪያ አለበት ወይ ይበሉህ? ዘፍዝፈው እንደሚሰጡ እያወቅክ?»

 ከዚያም መኖ ሊገዙ ወደ ተሰለፉት ሴቶች ዞራ ነገሩን አስረዳቻቸው። አንዷ የያዘችውን ጆንያ እግሩ ሥር ጥላለት ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው የሌላውን እንጀራ በዝምታ ይመርዛል? መሳቁ ደግሞ! እኔማ በዚያ ቀን አንደበቴ ተይዞ ቀርቼ ነበር። ላሜንም ያተረፈችልኝ፣ ቃሌንም የተናገረችልኝ ያቺ የአምስት ኪሎዋ የከብት ሐኪም ናት።