ያልተያያዙ ክፍት ሰዓቶች

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። አባቱ የሞተበት ሰው ብዙ ነው። የእኔን ለየት የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ ጥፋቴ በምማረው ትምህርት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

በ2009 ዓ.ም. አርባ ምንጭ የማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የተሰጠኝ ርዕስ በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ ያለውን የብርሃን ስፔክትረም ለተጠቃሚዎች ስለ ማደላደል ነበር። ስፔክትረሙ በቀጫጭን ክፍሎች ይሸነሸናል። ትንሽ መረጃ የሚልክ ሁለት ክፍል ይወስዳል፣ ብዙ የሚልክ ስምንት፤ ክፍሎቹ ግን የግድ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። አንዱ ሲለቅ ሌላው ሲገባ፣ ባዶዎቹ እዚህም እዚያም ይበታተናሉ። ሲደመሩ ይበቃሉ፤ ስላልተያያዙ ግን ትልቁ ጥያቄ ቦታ ያጣል።

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ሙዝ ለሚያለሙት አባቴ ይህን ያስረዳኋቸው በጨንቻ አውቶብስ ምሳሌ ነው። "ሦስት ሰዎች አብረው መቀመጥ ይፈልጋሉ። ሦስት ባዶ ወንበር አለ፤ ግን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከኋላ" አልኳቸው።

"ታዲያ ረዳቱ ምን ይሠራል? 'አንተ ወደዚያ እለፍ' አይልም?"

"እሱን ነው የምናጠናው፣ አባባ።"

"ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው?" ብለው ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ።

ያን ቀን የጠሩኝ ግን ለቁም ነገር ነበር። ዶርዜ ካሉት ታላቅ ወንድማቸው ጋር በውርስ መሬት ተጣልተው ለዓመታት አልተነጋገሩም። አሁን ሊታረቁ ፈለጉ። እርቁ የሚፈጸመው ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት መስክ፣ ዱቡሻ ላይ ነው። እዚያ ከጧት የተቀመጠ ሰው ሽማግሌዎቹ መርቀው እስኪያሰናብቱት አይነሳም። አባቴ እኔ የበኩር ልጃቸው ከጎናቸው እንድቀመጥ ፈለጉ፤ አለዚያ ቂሙ ወደ እኔ እንዳይተላለፍ ይፈሩ ነበር።

"አንድ ሙሉ ቀን ስጠኝ" አሉኝ።

"ማክሰኞ ከሰዓት ክፍት ነኝ። ሐሙስ ደግሞ ጧት።"

"ግማሽ እርቅ የለም፣ ልጄ።"

ሽማግሌዎቹ እሑድ አይቀመጡም፤ ቅዳሜ የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ተራ የእኔ ነበር። ማክሰኞ ጧት ሥራዬን ከሚያዩልኝ መምህር ጋር እገናኛለሁ፤ የቀረው ጊዜ በትምህርት የተያዘ ነው። ክፍት ሰዓቶቼ ሲደመሩ አንድ ሙሉ ቀን ይሞሉ ነበር። መምህሬን "ቀኑን ያዛውሩልኝ" ማለት ግን አፈርኩ። ታታሪ መስዬ መታየት እፈልግ ነበር። ስለዚህ ለአባቴ ቁርጥራጩን ሰጠኋቸው። በባጃጅ እሄዳለሁ፣ የሳል ሽሮፕ እይዝላቸዋለሁ፣ አንድ ሰዓት እቀመጥና እመለሳለሁ። "የሚመጣው ሳምንትስ?" ይላሉ ሲሸኙኝ። "እሺ" እላለሁ።

ሚያዝያ ላይ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው መምህሬ ቢሮ ገባሁ።

"ማክሰኞን ወደ ሐሙስ ጧት እናዛውረዋ፤ ምን ችግር አለው?" አሉ፣ ከሚያርሙት ወረቀት ቀና ሳይሉ። "ይህን ለመጠየቅ እስካሁን ቆየህ?"

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ክፍት ሆነ። አባቴ ግን የዶርዜን ዳገት የሚወጡበት አቅም አልነበራቸውም። ብቻዬን ሄጄ አጎቴ ላንቴ ድረስ እንዲመጡ ለመንኳቸው። ደጃፋቸው ላይ አቁመው ሰሙኝ።

"እርቅ በዱቡሻ ነው እንጂ በአልጋ ጠርዝ አይደለም። ሲሻለው ይምጣ።"

በክፋት አልመሰለኝም፤ ይህን ያህል መታመማቸውን አላመኑኝም። ዓመት ሙሉ ያልመጣ ልጅ ድንገት ሲጣደፍ ማን ያምናል?

ስመለስ አባቴ "ምን አለ?" አሉኝ።

"ሲሻልዎት ይጠብቁዎታል።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አጎቴ የመጡት ለቀብር ነው። ከሰው ራቅ ብለው ቆመው አለቀሱ፤ እኔም ሄጄ እጃቸውን አልነካሁም። እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም። አባቴ ሳይታረቁ ያረፉት ማክሰኞ፣ ግንቦት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው።