አፍንጫው የከዳው ቀማሽ

በቢራ ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ «አፍንጫው» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ቢራ ቀምሷል። ብርጭቆ አሽትቶ «ይሄ ከሦስተኛው ጋን ነው፤ ጋኑም በወጉ አልታጠበም» ካለ፣ አጣቢው ያለ አንዳች ክርክር ብሩሹን አንስቶ ይሄዳል። ጎረቤት እንኳ የገዛውን ዘይት ሲጠራጠር ወደ እሱ ይልክ ነበር። እሱም ቢሆን ነገሩን አልጠላውም።

አንድ ክረምት ግን ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ በሁለት ሳምንት ለቀቀው፤ ሲሄድ ግን ማሽተቱን ይዞበት ሄደ። መጀመሪያ ያወቀችበት ሚስቱ ናት። ሽንኩርት ጥዳ ወጣ ብላ ስትመለስ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፤ እሱ ለምድጃው ጀርባውን ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል።

«አንተ ሰውዬ! ቤት ሲቃጠል ኳስ ታነባለህ?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

ዓይኑን አስጨፍናው አንድ ነገር አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «ምንድን ነው?»

«ሳሙና» አለ፣ በግምት።

ነጭ ሽንኩርት ነበር። ሚስቱ ቁጭ አለች። «በል ለአለቃህ ንገረው።»

«ምን ብዬ? አፍንጫዬ ጠፍቷል፣ ያገኘ ይመልስልኝ ልበል?»

ከዚያ ወዲያ አራት ወር ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ እያጣ ቀን በልምድ ቀመሰ። ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ ቅንድቡን ይሰበስባል፣ «ምንም አይልም» ብሎ ይፈርማል። ደግነቱ ቢራውም ምንም አይልም ነበር።

በዚህ መሐል የቤልጂየም ዓይነት ቢራ በየቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ውድድር አዘጋጁና ዋና ዳኛ አድርገው ጠሩት። እምቢ ቢል ያስጠረጥራል። ስለዚህ ዘዴ ዘየደ፤ አጠገቡ የምትቀመጠውን የኬሚስትሪ መምህርት ፊት እያየ ሊፈርድ። የዳኝነት ምስክር ወረቀት ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ሦስተኛው ዳኛ የሆቴሉ ባለቤት ነው፤ እሱ የተመረጠው አዳራሹን በነጻ ስለሰጠ ነው።

እስከ ስድስተኛው ብርጭቆ ድረስ ነገሩ ሰተት ብሎ ሄደ። መምህርቷ «ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» ስትል እሱ «ሙዝ ሙዝም ይላል» ይላል። ለዳኞች በታደለው መመሪያ ላይ የቤልጂየም እርሾ ሁለቱንም ይሸታል ተብሎ ስለተጻፈ መሳሳት አይቻልም።

ሰባተኛው ላይ ግን መምህርቷ ጎንጨት አለችና ቀጥ አለች። እሱም ቀመሰ። አፍንጫው ቢሞትም ምላሱ አልሞተም፤ መንጋጋው ሥር የሚቆነጥጥ ኮምጣጣ ነገር ተሰማው። ቀና ሲል መምህርቷ ዓይን ዓይኑን ታያለች። አንድ ነገር ማለት ነበረበት።

«ደፋር ቢራ ነው» አለ።

«ደፋር! እኔም ቃሉ ጠፍቶብኝ ነበር» አለችና ቶሎ ቶሎ ጻፈች። የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ በቢራው ውስጥ የእንጨት በርሜል፣ ያረጀ ጓዳና የቤልጂየም ዝናብ አገኘበት። ሰባት ቁጥር አንደኛ ወጣ።

ጠማቂው ብረት በያጅ ነው። ዜናውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሽልማቱን ሳይቀበል ዋናውን ዳኛ ወደ ኮሪደር ስቦ አወጣው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ሳጥን ተሳስቼ ነው ያመጣሁት። ይሄኛው ተበላሽቶብኝ ሚስቴ ሰላጣ ላይ የምታፈሰው ነው። አቼቶ ነው በሉት!»

ቀማሹ «ዝም በል» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ሰውየው ግን ግንባሩን እየጠረገ በልመና ሲያየው ከአፉ ሌላ ነገር ወጣ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜ።» ሄዶ ለመምህርቷ ሁሉን ነገራት።

መምህርቷ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔ እኮ ከእርስዎ ነው የምኮርጀው! ቢራ አልወድም፤ ፈተናውን ያለፍኩት መመሪያውን ሸምድጄ ነው።»

ቀማሹ መድረክ ላይ ወጣና ማይክሮፎኑን ያዘ። «አራት ወር ሙሉ ምንም አይሸተኝም። አንደኛ ያልነው ቢራ የተበላሸ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ትሕትናውን አያችሁ?» አለ የሆቴሉ ባለቤት። አዘጋጆቹም በመግለጫቸው ላይ «በአፍንጫ ሳይሆን በልብ የሚቀመስ ቢራ» ብለው ጻፉ። በያጁን ትእዛዝ አጣደፈው፤ ምስኪኑ ደህና ቢራ ጠምቆ በላከ ቁጥር «ድፍረቱ የታለ?» እየተባለ ይመለስበታል።

ሰኞ ጠዋት ቀማሹ የመባረሩን ወሬ እየጠበቀ ሥራ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ግን እጁን ጨብጦ የቀማሾች ሁሉ አሰልጣኝ ሊያደርገው ፈለገ። «አይሆንም ጌታዬ፣ እውነቴን ነው የተናገርኩት» ቢል የሚሰማው አጣ። ሦስት ማመልከቻ ጽፎ በአራተኛው ጠርሙስ ፍተሻ ላይ ተመደበ። አሁን ቀኑን ሙሉ የተሰነጠቀ ጠርሙስ እየለቀመ ይውላል፤ እንቅልፉም ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት እሱን የተካችው ቀማሽ የቅምሻ ቅጽ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል። ምን ብዬ ልሙላ?»

«አልሸተተኝም ብለሽ ነዋ።»

«ቅጹ ላይ እሱን የሚጻፍበት ቦታ የለም እኮ።»

ማስመሪያ አስመጣና፣ ከፊርማው በላይ አንድ ባዶ ሳጥን አሰመረላት።