የካንዴላው ቀለም

እኛ ከተማ፣ ጎንደር ውስጥ የሞተር ብስክሌት ውድድር የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። በበጋ፣ መንገዱ ክፍት በሆነባቸው ዓመታት፣ አራት አምስት ጊዜ አቧራ ሜዳ ላይ ይደረጋል። ግማሹ ተመልካች ከገበያ ሲመለስ ጩኸት ሰምቶ የቆመ ነው። እኔ ግን በዚያ ዓመት ለጥምቀት የወረዱት ታቦታት ከቀሐ ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ የወቅቱ የመጀመሪያ ውድድር እስኪደርስ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኝ ነበር።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዕቃ አዘጋጃለሁ፣ ሲሰበር እጠግናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አራዳ ከሱቆቹ ጀርባ ባለች አንዲት ጋራዥ ቁልፍ አቀብላለሁ። ባለቤቷ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው መካኒክ ናቸው። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አያ እላቸዋለሁ። ሞተር የሚያስተካክሉት በጆሯቸው ነው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ይሰሙና ካቻቢቴያቸውን ሩብ ዙር ያዞራሉ፤ በቃ፣ አለቀ። እኔ በመሣሪያ ለክቼ የምደርስበትን እሳቸው እያወሩ ይጨርሱታል። ይህ አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር።

ዓይናቸው ግን እየከዳቸው ነበር። የጠፋው እንደማይመለስ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ቅርጽ ያያሉ፤ ቀለም ግን ሁሉም አመድ ሆኖባቸዋል። ይህን የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው፣ ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም። «የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው» አሉኝ። «አንዴ ሠርቼው ሲቀድም ልስማና እዘጋዋለሁ።» ከዚያ በፊት የሠሩት ሞተር ሁለተኛ ወጥቶ ያውቃል፤ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም።

ነጂያችን ወገራ ውስጥ ለከብት ክትባት የሚዞር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር በክረምት ጭቃ ሲነዳ ያየ ሰው ነው ለአያ የጠቆመው። የጋራዧ አግዳሚ ላይ የማይጠፋ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አለ። ከጥምቀት በኋላ በየቀኑ እየመጣ ዕድላችንን ይመዝንልን ጀመር። የባሕር ዳሮቹ አዲስ ሞተር አላቸው፣ ልብሳቸውም አንድ ዓይነት ነው። የአዘዞዎቹ ጎበዝ ናቸው፣ ግን እርስ በርስ ተኳርፈዋል። የኛ ሞተር ሁለቴ ተቃጥሎ ሁለቴ የተነሣ ነው። ሾፌሩ ከሦስተኛ በላይ አልሰጠንም። አያ ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ለሾፌሩ ሻይ መጋበዝ አቆምኩ።

ሞተሩን የሞከርነው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ገብስ ከታጨደበት ሜዳ ላይ ነው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አንድ ገበሬ ጋቢውን ተከናንቦ ነጂያችን ሲመላለስ ብዙ ካየ በኋላ «ምነው፣ ማን እያባረራችሁ ነው?» አለን። አያ ሳቁ። ሞተሩ ሲበቃው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው መዳፋቸው ላይ ያዙና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ምን ይመስላል?»

ካንዴላ የሞተሩን ሆድ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው። መሐሉ ነው የሚፈለገው።

«የተቆላ ገብስ» አልኳቸው።

«ሸጋ።»

ውድድሩ ድሮ የሚደረገው እዚሁ ጎንደር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል። ዝቅ ሲባል አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑም መጨመር አለበት። ይህን ለተማሪ በየዓመቱ የሚያስረዱበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምሠራው። በመኪና ስንወርድ መንገዱን ሙሉ አሰብኩት፤ ግን አርባ ዓመት ሞተር የፈታን ሰው አየር እንዲህ ነው ብዬ ላስተምር? አፌ አልታዘዘኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ተደረገ። ልጁ ሦስት ዙር ሄዶ ተመለሰ፤ ከሁሉም ሁለተኛው ፈጣን እሱ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ቀጠን ብሏል። አያ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ካንዴላውን ፈቱና እንደ ልማዳቸው ዘረጉልኝ። የባሕር ዳሮቹ ሁለት መካኒኮች የውሃ ጠርሙስ ይዘው አጠገባችን ቆመው ነበር።

«ምን ይመስላል?»

ነጭ ነበር። የለየለት ነጭ ባይሆንም ወደ ነጭ ሄዷል። ነጭ ነው ብል አያ እነዚያ ሰዎች ፊት ቤንዚን ለመጨመር ካርቡሬተሩን ይከፍታሉ፤ ትንንሾቹን ብሎኖች በዳበሳ ሲፈልጉ ሰዎቹ ያያሉ፣ ዓይናቸው እንደሄደም ያውቃሉ። ለአንድ ውድድር ይበቃል ብዬም ራሴን አሳመንኩ።

«ያው ነው» አልኳቸው።

«ያው?»

«አዎ፣ ያው።»

እጃቸው ወደ ኮታቸው ኪስ ገብቶ ነበር፤ ባዶውን ወጣ። ካንዴላውን በጨርቅ ጠርገው መለሱት።

እሑድ ጠዋት ጡረተኛው ሾፌር በሚኒባስ መጣ። የልምምዱን ውጤት ሰምቶ ሐሳቡን ቀይሯል፤ አሁን አንደኛ እንወጣለን ይላል። እኔም አመንኩት። የመነሻውን መስመር ስመላለስበት አረፈድኩ፤ ሰው በዚህ ዕድሜው በሞተር እንዲህ ይሆናል ብዬ አላውቅም። አያ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው የመነሻው መስመር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

የመነሻው መለከት ከመነፋቱ በፊት ሁሉም ለማሟሟቅ ሁለት ዙር ይሄዳሉ። በሁለተኛው ዙር፣ ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ማዶ፣ የኛ ሞተር አጭር ጩኸት አሰማና ጸጥ አለ። የኋላ ጎማው ደርቆ ቆመ፤ ልጁ በትከሻው ወደቀ። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። እጁ ወለም ብሎት ነበር። ውድድሩ ያለ እኛ ተጀመረ።

ሞተሩን ገፍተን ዋርካው ሥር አደረስነው። አያ ሲቀዘቅዝ ጠብቀው ፈቱት። ፒስቶኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ጎኑ ተቧጭሯል።

«ነጭ ነበር?» አሉኝ።

«ነበር።»

«ምነው ታዲያ?»

«ሰዎቹ ቆመው ነበር፣ አያ። ዓይንዎን እንዳያውቁብዎ ብዬ ነው።»

ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡና ከፈቱት። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ የናስ ብሎን ነበረች፤ ቤንዚን የምታሳልፈው፣ ቀዳዳዋ ሰፋ ያለው። ከጎንደር ይዘዋት መጥተዋል።

«ድምፁን ከመጀመሪያው ዙር ሰምቼው ነበር» አሉ። «ልቀይር ስነሣ አንተ ያው ነው አልኸኝ። ዓይኔስ ሄዷል፤ ጆሮዬም የሄደ መሰለኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ከሜዳው በኩል የሌሎቹ ሞተሮች ድምፅ ይመጣል፤ እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙ ነበር።

ጋራዧን እስከ ዛሬ አልዘጉም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ቁልፍ አቀብላለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እንሳሳቃለን። ካንዴላ የፈቱ ቀን ግን ከጎን ያለችውን መለዋወጫ ሻጭ ይጠሯታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እያለሁ፣ መዳፋቸውን ለእሷ ዘርግተው «ምን ይመስላል?» ይሏታል።