ሻምበል አባይነህ እያዳመጡ የሄዱ ዕለት

ዩሱፍ ሰውየውን ከማየቱ በፊት እርምጃቸውን ነው የሰማው። የእነ ዩሱፍ ቤት ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ፣ ከግንቡ በስተውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ላይ ነበር። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። የነጩ ግድግዳ ብርሃን ዓይን ያጭበረብራል፤ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ጥላውን ተቀምጧል። ዩሱፍም በግቢው ጥግ ሆኖ፣ ከረቡ የሚሉትን የዚክር ከበሮ ቆዳው እንዲወጠር ፀሐይ ላይ አሙቆ በጣቶቹ ይሞክረዋል። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሲራመድ ሰማ። አንደኛው እግር ጠንከር ብሎ ይረግጣል፤ ሁለተኛው ቀለል ብሎ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላል። ዩሱፍ ሳያስበው ጣቱ እርምጃውን ተከተለ። እርምጃው ቆመ፤ ጣቱም ቆመ። ደግሞ ሄደ፤ ጣቱም ሄደ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች» አለ አንድ ድምፅ። «እንዲህ አድርጎ የሚሸኘኝ ማነው?»

በሩን የከፈተችው እናቱ ፋጡማ ነበረች። ረጅም፣ መነጽር ያደረጉ፣ አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሰው ቆመው ስታይ ደነገጠች።

«ልጄ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም እህቴ። የሚሰማ ጆሮ አለው። እሱን ፈልጌ ነው» አሉ ሰውየው።

ሻምበል አባይነህ ይባላሉ። ጎጃሜ ናቸው። በጠላት ጊዜ በረሃ ወርደው ጉልበታቸው ላይ ቆስለዋል፤ ከድል በኋላ ደግሞ ወታደር ቤት መለከት መንፋት ተምረው፣ ኖታ ማንበብ ተምረው፣ በመጨረሻ ባንድ ወደ መምራቱ ገቡ። ሐረር የመጡት በሥራ ዝውውር ነበር። ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዕግሥት «እንግዲህ ወደ አገራችን አንሄድም ወይ?» ቢሏቸው፣ «ይህ ከተማ ገና ሰምቼ አልጨረስኩትም» አሉ ይባላል። ያን ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ የከተማው ሰዎች ኦርኬስትራ እንዲያቋቁሙ ለምነዋቸው ነበርና፣ ተጫዋች ፍለጋ በየመንገዱ የሚዞሩት ለዚሁ ነበር። ጡረተኛ መለከት ነፊዎች አገኙ። ክላርኔት የሚነፋ ከበደ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር አገኙ። ቫዮሊንም፣ አኮርዲዮንም ተገኘ። የጎደላቸው ትልቁን ከበሮ የሚመታ ሰው ነበር።

ዩሱፍ ግን በራሱ አዛዥ አልነበረም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉትም፣ ከረቡ መምታት ያስተማሩትም የዚክሩ አባት አው ዓብዱላሂ ነበሩ። ሻምበል ይህን ሲሰሙ በነጋታው ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዱ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ፤ ያ ቁስለኛ ጉልበታቸው አልታጠፍ ቢላቸውም ይቅርታ ጠይቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ቀይ ከተቀባው መደብ ዝቅተኛው ላይ ተቀመጡ።

አው ዓብዱላሂ ጫታቸውን ቀነጠሱ። ከዚያ፣ «ሻምበል፣ ይህ ልጅ የሚመታው ለነቢያችን ውዳሴ ነው። እርስዎ ለምን ብለው ነው የሚያስመቱት?» አሉ።

«ሰው ደክሞት እሑድ ከሰዓት አደባባይ ሲቀመጥ፣ ልቡ አረፍ እንዲል ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሽማግሌው አንድ እርጥብ የጫት ቀንበጥ መርጠው ሰጧቸው። ሻምበል ጫት አይቅሙም። ቢሆንም ቀንበጧን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ እስኪሄዱ ድረስም እንደ አበባ ይዘዋት ተቀመጡ። ያቺ ነገር የአው ዓብዱላሂን ሆድ ሳታባባ አልቀረችም።

«እንግዲህ ይሁን። ሐሙስ ማታ ግን የኛ ነው» አሉ።

«ሐሙስን አልነካም» አሉ ሻምበል፤ እስከ መጨረሻውም አልነኩም።

ዩሱፍ ወደ ኦርኬስትራው የገባው እንዲህ ነው። መለማመጃው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ፈንጠር ያለ፣ ጣራው ከፍ ያለ አሮጌ አዳራሽ ነበር። ሻምበል ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ወንበሩን በመሐረባቸው ያራግፋሉ። ሰው ሲሞላ መስኮቶቹን ሁሉ ያስከፍታሉ። «አትንኩ» ይላሉ፤ «መጀመሪያ ስሙ።» መኪና ግርግር ከሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ የስፌት መኪናው ሲንደቀደቅ ይሰማል። የአህያ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል። አንዷ ሴት ከሌላዋ ጋር በአደርኛ ትጫረታለች፤ ከሩቅ አዛን ይጣራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ደወል ይጨመርበታል። ሻምበል ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። «ይህ ሁሉ ከእናንተ በፊት ሲጫወት ነበር። ገብታችሁ እንዳታበላሹት፤ ቀስ ብላችሁ ተቀላቀሉ» ይላሉ። ከዚያ ነው እጃቸው የሚነሣው።

ተቆጥተው አያውቁም። ሰው ሲሳሳት መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ይጀምራሉ። ጠርገው እስኪጨርሱ ማንም አይተነፍስም። ከበደ፣ «ከዚህስ በጥፊ ቢመቱን ይሻላል» ይል ነበር። ልምምዱ ሲያበቃ ሻምበልና ዩሱፍ አብረው ወደ ኤረር በር ይወርዳሉ። ሻምበል በሩ ላይ ከሚሸጡት የገጠር ሴቶች በተሰባበረ ኦሮምኛ በለስ ይገዛሉ፤ ሴቶቹም ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ፋጡማም ለመዳቸው። መንገዱ ላይ ያ እርምጃ ሲሰማ ከግቢዋ ዛፍ የወረደውን ዘይቱን በጨርቅ ቋጥራ፣ «ለሻምበል ስጣቸው» ትላለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አደባባዩ ሰው ይሞላል። ነጋዴው ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ ወታደሩ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ተሸካሚው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሁሉም ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ አገር ሄዶ የሚመለስ ይመስላል። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

የግንቦት ረቡዕ ነበር። ደመናው ዝቅ ብሎ አዳራሹ ውስጥ ግራጫ ብርሃን ሞልቶበታል። የመጨረሻው ጨዋታ ሻምበል ራሳቸው ለኦርኬስትራ ያዘጋጁት፣ እናታቸው ታባብልበት የነበረ የእሹሩሩ ዜማ ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ ግራ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ቀስ አሉ። እጁ አሁንም ዝቅ አለ። አሁንም ቀስ አሉ። መለከቶቹ እስትንፋስ ብቻ ሆኑ፤ ቫዮሊኖቹ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ራቁ፤ ዩሱፍ ከበሮውን መምታቱን ትቶ በመዳፉ ይዳስሰው ጀመር። ሻምበል ከኋላቸው የነበረውን ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ። ዘወትር ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ነው።

ስለዚህ ማንም አላቋረጠም። እንዲያውም ዩሱፍ ኋላ ሲያስበው፣ እንደዚያ ቀን ተጫውተው አያውቁም። ሻምበል ወደውት፣ እጃቸውን አሳርፈው፣ ለእነሱ ለቀውላቸው የሚሰሙ መስሏቸው፣ እያንዳንዱ ሰው ጎኑ ያለውን እየሰማ፣ ዜማውን እንደ ተኛ ሕፃን ተሸክመው እስከ መጨረሻው አደረሱት። ጨርሰውም ሻምበል ዓይናቸውን እስኪገልጡ ጠበቁ። በመስኮቱ የልብስ ስፌቱ መኪና ድምፅ ይገባል።

«ሻምበል?» አለ ከበደ።

ዩሱፍ ከበሮውን ትቶ ሄዶ እጃቸውን ያዘ። እጃቸው ገና ይሞቅ ነበር።

ልባቸው ነው ድንገት ያቆመው ተባለ። ዜማው የት ሲደርስ እንደ ሄዱ ያወቀ የለም። አንዱ መሐል ላይ ነው ይላል፤ ሌላው መጨረሻውን ሰምተዋል ብሎ ይምላል። ከበደ ክላርኔቱን ሳጥኑ ውስጥ ሳያስገባ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። «እስከ መጨረሻው መጫወታችን ደግ አደረግን?» ብሎ ዩሱፍን ጠየቀው።

በማግስቱ ቀብር ሆነ። የሻምበል ቤት ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ፣ በትልቁ በር ገብቶ፣ ፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም ድረስ አስከሬናቸውን በሙዚቃ መሸኘት ነበረባቸው። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ሲቆሙ ግን ሁሉም ፊት ፊቱን አየ። ፊት ለፊት የሚቆም ሰው የለም። ከበደ ወደ ዩሱፍ ዞሮ፣ «አንተ ምታ። እኛ እንከተልሃለን» አለው።

ዩሱፍ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ምን ያህል ቀስ ማለት እንዳለበት እንኳ አላሰበም፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አላየም፤ ሰዉም ነጠላውም መንገዱም በውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታየዋል። አንድ መታ። ሁለተኛው ምት ቀለል ብሎ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ መጣ። ደግሞ ጠንከር፤ ደግሞ ዘግየት። መለከቶቹ ገቡበት። ከበደ እየነፋ አንዴ ዞር ብሎ አየውና ወደ ፊት ተመለሰ። ዩሱፍ ያደረገው ምን እንደሆነ የገባው፣ ቀና ብሎ የሰዉን እግር ሲያይ ነው። ባለ ነጠላው፣ ባለ ቆቡ፣ በሻሽ የተሸፋፈኑት ያደሬ ሴቶች፣ የሻምበልን መጨረሻ ሊሸኙ የወጡት ሁሉ፣ በአንድ እግራቸው ጠንከር፣ በሌላው ዘግየት እያሉ ይሄዳሉ። ከተማው በሙሉ በሻምበል እርምጃ ይራመድ ነበር።

ወይዘሮ ትዕግሥት ከሴቶቹ መሐል አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ድንገት ቀና አሉ። «እሱ ነው» አሉ፤ የደገፏቸው ሴቶች ያዞራቸው መስሏቸው አጥብቀው ያዟቸው። «ተዉኝ፤ እርምጃው ነው። ልስማው» አሉና ሳይደገፉ ተራመዱ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደጃፍ ሲደርሱ ዩሱፍ ከበሮውን አሳረፈ። እስላሞቹ ከቅጥሩ ውጭ ጥላው ሥር ቆመው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። አው ዓብዱላሂ አፎቻ የሚሉትን የለቅሶና የሠርግ ማኅበራቸውን ሰዎች አስከትለው መጥተው ነበር። ዩሱፍ እንባውን እጀጌው ላይ ሲጠርግ አጠገቡ ቆሙ።

«ሐሙስ ነው ዛሬ» አለ ዩሱፍ። «ማታ አልችልም መሰለኝ።»

«አትምጣ» አሉት ሽማግሌው። «ሐሙስህን ለሳቸው መታህ። አላህ ያየዋል።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ዩሱፍ እንደ ሕልም ነው የሚያስታውሳቸው። ክረምቱ ገባ። በየቀጭን መንገዱ ጎርፍ ሲወርድ፣ ከማዕዘን ወዲያ እርምጃ የሰማ እየመሰለው ይቆማል። ፋጡማም ዘይቱኑን እንደ ልማዷ ቋጥራ፣ በሩ ድረስ ሄዳ፣ ትዝ ሲላት ትመለሳለች። ለአርባቸው ወይዘሮ ትዕግሥት ድንኳን አስተከሉ። አው ዓብዱላሂን ሰው ልከው አስጠርተው ለእስላሞቹ በግ አሳረዱ፤ ፋጡማና ጎረቤቶቿም ለብቻ ድስት ጥደው ሠሩ። በሁለቱም በኩል ስለ ሻምበል ሲወራ ዋለ። ኦሮምኛቸው ሲነሣ የበለስ ሻጮቹ እንኳ ያን ቀን እየሳቁ አለቀሱ።

ኦርኬስትራው ግን ዝም ብሎ ነበር። ከከበደ ጀምሮ ያ ቦታ ላይ ቆሜ ልምራ ያለ የለም። መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ ጌታቸው የሚባል መሪ ተላከ። ጎልማሳ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ወደ መሪው ቦታ አልወጣም፤ ከእነሱ ጋር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እንዴት ነበር የሚያስጀምሯችሁ? እንዳላደናግራችሁ ብዬ ነው» አለ።

«በቅንድባቸው» አለ አንደኛው መለከት ነፊ። «ያየኛሉ፤ ቅንድባቸውን ብድግ ያደርጋሉ።»

«የለም» አለ አኮርዲዮን ተጫዋቹ፤ «ትንፋሽ ይስቡ ነበር። እኔን አይተው ትንፋሽ ይስባሉ።»

ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ትንሿን ጣታቸውን ያነሣሉ አሉ። ከበደ ከንፈራቸው ነው አለ፤ ቃል ሊናገሩ እንደሆነ ከንፈራቸውን ገለጥ ያደርጋሉ። ተከራከሩ። ቀስ በቀስ ክርክሩ ሞተ። እያንዳንዳቸው ሻምበል የሚያዩት እሱን ብቻ ይመስላቸው እንደ ነበር ገባቸው።

«አንተስ?» አለ ጌታቸው ወደ ዩሱፍ።

ዩሱፍ አሰበ። «እኔን አያዩኝም ነበር። ጆሯቸውን ወደኔ ያዞራሉ።»

ጌታቸው «ይህን ሁሉ አንድ ላይ ላደርገው አልችልም» አለ። «እስኪ የሚያስጀምራችሁ እንዳለ አድርጋችሁ ጀምሩ። እኔ ልስማ።»

መስኮቶቹ ተከፈቱ። የመጀመሪያው ድምፅ እንደ ገበያ የተበታተነ ነበር፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን መለከቱ ክላርኔቱን ጠበቀው፤ ቫዮሊኖቹ ተጠጉ፤ ዩሱፍም ከሥር ሆኖ ያዛቸው። ደጅ ላይ አንድ ተሸካሚ ሸክሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በመስኮቱ ራሱን አስገብቶ ይሰማ ጀመር።