አባቴ የመረጠው መጋረጃ

መጋረጃ ያስጠላኛል። ኮምቦልቻ ያለው ቤቴ መስኮቶቹ ባዷቸውን ናቸው፤ ጎረቤቶቼ "ምን ሆና ነው?" ይባባላሉ። ሰው ቤት ስገባ ደግሞ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፦ ከጣሪያ እስከ ወለል የተንዠረገገ፣ ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ ጥቅል ጎመን የሚያካክሉ አበቦች ያሉበት። የቤቱ እመቤት "አማረ?" ስትለኝ "ማሻአላህ" እላለሁ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ።

ሳላገባ በፊት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር የምኖረው። ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍልና አልጋ የማታስገባ ጓዳ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ የቀረነው እኔና አባቴ ነበርን። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ከመታው ወዲህ አልጋው ሰፊው ክፍል ጥግ ላይ ነበር። አፉ ወደ አንድ በኩል ተጣሟል፤ ምራቁን በፎጣ እጠርግለታለሁ። እሱን አንድም ቀን ተጠይፌው አላውቅም።

የዛሬው ባሌ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ሲሰማ የአባቴ ታናሽ ወንድም መጣ። አጎቴን ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። በር ላይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እንዲህ ሆኖ ካዩት በዘር ነው ይላሉ። ወላሂ፣ ሳይቀመጡ ነው የሚመለሱት። መጋረጃ ግዥና አልጋውን ጋርጅው። የቤት ገመና ይሸፈናል እንጂ ለእንግዳ አይዘረጋም። ሐርቡ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፣ እኔን ወክሎኛል እላቸዋለሁ።"

ገመና ያለው ወንድሙን ነው። ልተፋበት ይገባ ነበር። ግን ሽማግሌ የሚልከውን ልጅ እወደው ነበር፣ ዕድሜዬም እየሄደ ነበር፣ እና "እሺ" አልኩ።

መጋረጃ ሻጩ ጥቅሉን በጥቅል ላይ እየዘረጋ "ይሄ የቱርክ ነው፣ ይሄ አሁን የገባ ነው" ይለኛል። ሱቁ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። እኔ እጄን ከጨርቁ ጀርባ እያደረግኩ ጣቶቼ ይታዩ እንደሆነ አያለሁ።

"ለመስኮት ከሆነ ይሄ ቤትሽን ያጨልመዋል እህቴ" አለኝ።

"ለመስኮት ነው" አልኩት። መወሰን አቃተኝና ሦስት ናሙና ይዤ ወጣሁ።

ራሴን የምጠላው ከዚህ በኋላ ባደረግኩት ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጨርቅ ሲመረምር ነው። ድሮ የሰፈሩ ሰው ጨርቅ ከገዛ መጀመሪያ የሚያሳየው ለእሱ ነበር። ከታመመ ወዲህ ግን ስለ ምንም ነገር የጠየቀው የለም። ሦስቱን ቁራጭ ደህናው እጁ ላይ ሳስቀምጥለት ፊቱ በራ።

በሁለት ጣቶቹ መሃል አሻቸው፣ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳቸው። ስሷን መረጠ።

"ይቺን" አለ በተጎተተ አንደበቱ። "የጠዋት ፀሐይ ታስገባለች።"

"ወፈር ያለ አይሻልም አባየ?"

ሁለተኛዋን አነሳ።

"ከዚህም የሚወፍር?" አልኩት።

መስኮታችንን አየ፤ አንዲት ናት፣ ትንሽ። ከዚያ ቀና ብሎ አጎቴ ጠዋት መጥቶ ከአልጋው በላይ የወጠረውን ሽቦ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ለመስኮት ስሷ ናት" አለ። "ለምትፈልጊው ግን ሦስተኛዋን ውሰጂ። ምንም አታሳይም። አብሽሪ።"

ያለኝን ገዛሁ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ጠዋት መጡ። አንደኛው ገና ሳይቀመጡ መጋረጃውን አይተው "ቤቱን አሳምሮታል" አሉ። አጎቴ ብስኩት እያኘከ ይዋሻል፤ ፍርፋሪው ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ስለ ሐርቡ ሙቀት ያወራል። ያንን አፍ እያየሁ ሻይ መቅዳት አስጠላኝ።

"አባት በሌለበት ልጅ መጠየቅ ይከብዳል" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "እርስዎን ከወከሉ ግን ምን እንላለን።"

"ወክሎኛል። ሰጥተናል" አለ አጎቴ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። ስለ ትዳሩ ዱዓ አደረጉና "መንገድ የሄዱትን አባቷንም አላህ በሰላም ይመልሳቸው" አሉ። ሁሉም "አሚን" አለ። እኔም አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። አባቴ ከጀርባዬ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ተኝቷል።

አጎቴ ሊሸኛቸው ሲወጣ መጋረጃውን ገለጥኩት። አባቴ ሳሉን ለማፈን የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ይዟል፤ ዓይኖቹ ቀልተው እንባ አቅርረዋል። ጋቢውን ከጥርሱ ቀስ ብዬ አላቀቅኩለትና አገጩን ጠረግኩት። ሳሉን ሳለ። ከዚያ ደህናውን መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ።

"እኔም ሰጥቻለሁ" አለ።

ከእኔ በቀር የሰማው አልነበረም።